ሃያ አምስት በመቶ ግኝት

ነዕማ ኢዘዲንን ዕቅድ በመጻፍ የሚወዳደራት ሰው በአሶሳ ከተማ አልነበረም። ሰኔ ሲገባ የሌላው መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እሷ ሻይዋን ከጎኗ አድርጋ የዓመቱን ሥራ በአራት ሩብ፣ ሩቡን በወር፣ ወሩን በሳምንት ከትፋ ለምሳ ትደርሳለች። ከየወረዳው፣ አንዳንዴም ከማንቡክ ድረስ፣ «ነዕማ አንድ ዓይን ትጣልበት» እየተባለ ዕቅድ ይላክላታል። የሙያዋ ምስጢር ግን ፍጥነቷ አልነበረም። ዕቅዱን ስትጽፍ ሪፖርቱንም አብራ ትጽፈዋለች። ገና ያልደረሰው ችግር «የገጠሙ ተግዳሮቶች» በሚለው ሥር ተሰልፎ ይጠብቃል፤ መንገድ ተበላሸ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ ሠራተኛ ለቀቀ። ከጎኑ «የተወሰዱ የመፍትሔ እርምጃዎች» አለ፤ በውይይት ተፈታ። ክንውኑን መቶ በመቶ አታደርገውም፤ መቶ ተቆጣጣሪ ይጠራል። ሰማንያም አታደርገውም፤ ሰማንያ ወቀሳ ይጠራል። ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት ታደርገዋለች። ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት ማንንም ከወንበሩ አያስነሣም።

ታዲያ ውሸታም ናት ብሎ የሚፈርድባት ካለ ቸኩሏል። ነዕማ የተወለደችው ሆሞሻ፣ ከገበሬ ቤት ነው። አባቷ ኢዘዲን ሰሊጥ ዘርቶ፣ ሰሊጡን በአህያ ጭኖ ኩርሙክ ድረስ የሚወስድ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ የሚነገረው በርታኛ ነው፤ ለሶላትና ለንግድ ዐረብኛ ጣል ይደረግበታል። አማርኛን ያገኘችው ትምህርት ቤት ገብታ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚያርማት ስላልነበረ የተጻፈውን ሁሉ እንደተጻፈ ትይዛለች። ሥራ ከያዘች በኋላ ደግሞ አማርኛዋ ከቢሮ ደብዳቤ ጋር አብሮ አደገ። በርታኛ እያወራች እንኳ መሐል ላይ «ክንውን» የምትል ቃል ትገባባታለች። ባሏ ዋሊድ በኩርሙክና በአሶሳ መካከል ሳሙናና ጨርቅ የሚነግድ ተጫዋች ሰው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «እኔና ነዕማ የተጋባነው በሁለተኛው ሩብ ዓመት ነው» ይላል። እሷም ትስቃለች፤ ቀኑንም ታስታውሳለች፤ በእርግጥም በሁለተኛው ሩብ ዓመት ነበር።

አላውቅም ማለትን የተወችበት ቀን ግን አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ታስታውሳለች። ግብርና ቢሮ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ፍሬው እየጠቆረ የሚረግፍ ማንጎ አይታ እንድትመጣ ተላከች። ሄደች፣ አየች፣ ጻፈች። መጨረሻው መስመር ላይ «መንስኤው አልታወቀም» አለች። በስብሰባ ላይ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ወረቀቱን አንሥቶ አርባ ሰው ፊት አነበበውና «ባለሙያ አላውቅም ካለ ደመወዝ የሚከፈለው ምን ለማወቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። ነዕማም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ። በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት ከእጇ የወጣ አንድም ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ወይም የጥያቄ ምልክት ታይቶ አያውቅም።

ነጩ ተባይ የመጣው በእነዚያ ዓመታት መሐል ነው። የማንጎውን ቅጠል እንደ ዱቄት ነስንሶበት፣ ፍሬው ላይ ነጥብ አውጥቶ፣ ገበያ ላይ የማይነሣ አድርጎት ያልፋል። ነዕማ ስለ ተባዩ በየሦስት ወሩ ትጽፋለች። ይህን ያህል ዛፍ ተረጨ፣ ይህን ያህል አርሶ አደር ግንዛቤ ጨበጠ። ቁጥሩ ከታች ይመጣል፣ እሷ ታሰማምረዋለች። ወደ ሆሞሻ ለበዓል ስትሄድ ግን ልጅ ሆና የወጣችባቸው ዛፎች ነጥተው ታያለች፤ ቀና ብላ ላለማየትም ከመኪና ወርዳ በፍጥነት ወደ ቤት ትገባለች። በመጨረሻ ያንገበገባት ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲው በግብርና የዶክትሬት ትምህርት እንደሚጀምር በሰማች ጊዜ ማንንም ሳታማክር ተመዘገበች። ተፈተነች፣ አለፈች። ስምንት ሰው ተቀበሉ፣ ሁለት ሰው በተጠባባቂነት ያዙ። መሥሪያ ቤቷ የትምህርት ፈቃድ የሚሰጠው አርባ አምስት ዓመት ላልሞላው ነው። ነዕማ በጥር አርባ አምስት ትደፍናለች። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም ማለት ነው።

የመሰናዶው ሳምንት በጥቅምት፣ ሰኞ ቀን ተጀመረ። ስምንቱ አዲስ ተማሪዎች ጣሪያው በሚሞቅ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ሲጠብቁ ዶክተር ሙላው ባዶ እጁን ገባ። ዶክተር ሙላው ጎጃሜ ነው፤ ለሁለት ዓመት ብሎ አሶሳ መጥቶ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማያቋርጥ ዓይነት ሰው ነው።

«የስም ጥሪ የለም» ብሎ ጀመረ። «ብትቀሩ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ብትመጡም የሚያመሰግናችሁ የለም። ደወል የለም። እስከ ዛሬ ያስተማረን ሁሉ እጃችንን ይዞ ነው የመራን። ከእንግዲህ መንገዱን የምታወጡት እናንተው ናችሁ። እኔ ከጠራችሁኝ እመጣለሁ፤ ካልጠራችሁኝ ደግሞ ሰው ነኝና እረሳችኋለሁ።»

ቀጥሎም ሥራውን ነገራቸው። እያንዳንዱ እስከ ረቡዕ ጠዋት የሦስት ዓመት የግል የጥናት ዕቅድ ያመጣል። ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚጎድለውና ከየት እንደሚማረው፣ መቼ እንደሚጽፍ፣ መቼ ከአማካሪው ጋር እንደሚገናኝ። ዕቅዱ እስከ ዓርብ አምስት ሰዓት ካልጸደቀ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ የኮሚቴው ውሳኔ ነው፣ ልመና አይሰማም።

«ስንት ገጽ ይሁን ዶክተር?» አለች ሐኒ። ሐኒ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ ከስምንቱ ሁሉ በዕድሜ የምታንስ መምህርት ናት።

«አላውቅም» አለ ዶክተር ሙላው። «ሲያልቅ ያልቃል።»

ክፍሉ ውስጥ ጭንቀት ወረደ። ነዕማ ብቻ ቀለል ብሏታል። ዕቅድ ጻፊ ብሎ ለነዕማ ማዘዝ ለዓሣ ዋኝ ብሎ እንደማዘዝ ነውና፣ ወደ ሻይ ክበቡ ስትወጣ ፈገግ እያለች ነበር። ሻይ ቤቱን የምትሠራው ዓፊያ የሰውን ፊት ማንበብ ታውቅበታለች፤ አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት ብዙ አያስጨንቃትም።

«ነዕማ ዛሬ ደስ ብሎሃል» አለቻት ብርጭቆውን እያስቀመጠች።

«ደስ ብሎኛል፣ አዎ።»

ሐኒ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «እትዬ ነዕማ፣ እኔ እኮ ነገ የምበላውን የማላውቅ ሰው ነኝ። የሦስት ዓመት ከየት ላምጣ?» አለቻት። ነዕማ አዘነችላት። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ሰንጠረዧን አወጣች፣ ዓመቱን በሩብ ከፍላ አሳየቻት። ከወዲያ ወንበር አንዱ ተንጠራርቶ አየ። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ሰንጠረዡ ስምንቱም ዘንድ ደርሶ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይህ ነው፤ ነዕማ ሳይለምኗት የገጠሙ ተግዳሮቶችንም ሞልታ ሰጠቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ሙላው ስምንቱን ዕቅድ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ጠበቃቸው። አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ። ሌላውን አነሣ።

«አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ» አለ። «ርዕሳቸው ተነጥሎ ቢወጣ የአፈር ይሁን የማንጎ፣ የቀርከሃ ይሁን የንብ መለየት አልችልም።» ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ከመካከላቸው አንዱን አነበበ። «አንደኛ ሩብ ዓመት፣ አዲስ ግኝት ሃያ አምስት በመቶ። ሁለተኛ ሩብ ዓመት፣ አዲስ ግኝት ሃያ አምስት በመቶ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ግኝቱ በዘጠና ስድስት ነጥብ አራት በመቶ ይጠናቀቃል።»

አንድ ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም፤ ገጹን ገለጠ።

«ሦስተኛ ዓመት፣ የገጠመ ተግዳሮት፣ ናሙና በዝናብ መበላሸት። የተወሰደ እርምጃ፣ በውይይት ተፈትቷል።» ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ከሁለት ዓመት በኋላ የሚዘንበውን ዝናብ ዛሬ ተወያይተን ፈትተነዋል ማለት ነው። ይህ የማን ነው?»

ነዕማ እጇን አነሣች። «የእኔ ነው። የሌሎቹም ሰንጠረዥ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።»

እነዚያ አርባ ሰዎች ከኋላዋ ተነሥተው የመጡ መሰላት። ዶክተር ሙላው መነጽሩን አውልቆ ለአፍታ አያት፤ ድምፁ ሲወጣ ግን የፌዝ አልነበረም።

«ወይዘሮ ነዕማ፣ እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተው ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ችግሩ ስሕተት የሌለው መሆኑ ነው። ሁሉን አውቀው ጨርሰዋል። ሁሉን ያወቀ ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል?» ወደ ሁሉም ዞረ። «ስምንታችሁም ሂዱ። ሰንጠረዥ አልፈልግም። የማታውቁትን ጻፉ። ስለ ጥናታችሁ በእውነት የማታውቁትን፣ ሌሊት ቢቀሰቅሷችሁ የማትመልሱትን። ዕቅዱ ከዚያ ውስጥ ራሱ ይወጣል። ዓርብ አምስት ሰዓት፣ አልተለወጠም።»

ያን ቀን ከሰዓት ነዕማ ባዶ ገጽ ከፍታ ተቀመጠች። «የማላውቃቸው» ብላ ጻፈች። አሰመረችበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልመጣላትም። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ እጇ እምቢ አላት። አላውቅም ብላ ልትጽፍ ስትል «አ» ላይ ትቆማለች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ያለፉትን ዓመታት ሪፖርቶች ከፈተች፤ ሁሉም ቦታ መልስ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አሥራ አምስት ዓመት ስትሮጥ የታጠቀችው አሁን ወገቧ ላይ ሲላላ ተሰማት፣ ፈራችም። ቦታዋን ልታጣ ነው። ከሷ አልፎ ሰባት ሰው ይዛ ልትወድቅ ነው።

ዋሊድ ወደ ቤት ሲገባ ከነኮምፒውተሯ በረንዳ ላይ አገኛት። የሆነውን ነገረችው። ሃያ አምስት በመቶ ግኝት የሚለው ላይ ስትደርስ ሊስቅ አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው።

«እኔ ጨርቅ ስገዛ የማላውቀውን ነጋዴውን እጠይቀዋለሁ» አላት። «አንቺ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

ሲነጋ ወደ መነኸሪያው ሄዳ የሆሞሻ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ለምን እንደምትሄድ በትክክል አታውቀውም ነበር፤ የማንጎ ሪፖርቷ ላይ በየጊዜው ስማቸው ከሚጠቀስ አርሶ አደሮች አንዱ የእናቷ ወንድም ሙርሳል ስለሆነ ብቻ ወደዚያ ሄደች።

ሙርሳል ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ማሽላውን እየጠበቀ ከደጁ የማይርቅ ሰው ነው። ነዕማን ከቦርሳዋ ጋር ባያት ጊዜ ሰላምታውን በወጉ ጨርሶ፣ ቤተሰቡን ሁሉ በየተራ ጠይቆ፣ በርጩማ አቀረበላትና ራሱ ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

«ለሦስት ወሩ ነው የመጣሽው?» አላት በበርታኛ። «ባለፈው ስልሳ ዛፍ ተረጨ ብያቸው ነበር። አሁን ሰባ ልበል ወይስ ይበዛብሻል?»

ነዕማ ደነገጠች። ሙርሳል ያለው አራት ዛፍ ነው።

«ስልሳው የማን ነው አጎቴ?»

«እኔ ምን አውቄ። የወረዳው ልጅ ስልሳ ብትል ጥሩ ነው አለኝ፤ ሰው እንዳይቀየም ብዬ አልኩ። አንቺን የሚጠቅም መስሎኝ።»

ይህን ሲላት ምንም ተንኮል ፊቱ ላይ አልነበረም። ነዕማ ቁጥር እንደማትፈልግ፣ ዛፎቹን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው። ነገሩ ግራ ቢገባውም ተነሥቶ መራት። ሦስቱ ዛፎች ከግቢው ፊት ለፊት ናቸው፤ ቅጠሉን ስትገለብጠው ነጭ ነው፣ ስትነካው ጣቷ ላይ ይቀራል። እነዚህን ሳታይ የጻፈችባቸውን ዓመታት በልቧ ቆጠረች፤ አፈረች። አራተኛው ዛፍ ማሽላ ከሚወቃበት አውድማ አጠገብ ለብቻው ቆሟል። ቅጠሉን ገለበጠች። ሌላ ገለበጠች። ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ወደ ላይ እስከቻለችው ድረስ ሁሉንም አየች። ዛፉ ንጹሕ ነበር።

«ይህ ለምን አልያዘውም?»

«አላህ ያውቃል። እኔ አላውቅም» አለ ሙርሳል። አላውቅም ሲል ውኃ ስጡኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው፤ ድምፁ አልወረደም፣ ዓይኑም አልሸሸም። «እናንተ እየመጣችሁ ስትጽፉ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፣ አንድ ቀን ትነግሩናላችሁ ብዬ ነው የምጠብቀው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነጩ ነገር ከመጣ ጀምሮ ነዋ።»

ነዕማ እዚያው ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። አለቀሰች ቢባል ይበዛል፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ይህ ሽማግሌ እሷ ታውቃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ እሱ ተናገረው የተባለውን ስልሳ በነጥብ ስታሰማምር፣ ዛፉ መሐላቸው ቆሞ ኖሯል። ቦርሳዋን ስትፈትሽ ያገኘችው ያልተሞላ የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ ብቻ ነው። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነበር። «ይህ ዛፍ ለምን ንጹሕ እንደሆነ አላውቅም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ እጇን የሚያቆመው አልተገኘም። ዘሩ ከሌሎቹ የተለየ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከአውድማው የሚነሣው አቧራና ገለባ ተባዩን ያርቅ እንደሆነ አላውቅም። ተባዩ በክረምት የት እንደሚያድር አላውቅም። በሆሞሻ እንዲህ ያለ ስንት ዛፍ እንዳለ አላውቅም፤ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይም ይኑር አይኑር አላውቅም። ስለ ነፍሳት ያጠናሁት አንድ ሴሚስተር ነው፣ ይህን ተባይ ሌላው ከሚመስለው እንዴት እንደምለየው አላውቅም። ቁጥር መደርደር እንጂ ቁጥር መመርመር አልተማርኩም፤ ስታቲስቲክስ አላውቅም። አዛኑ ሲሰማ ሃያ ሁለት ደርሳ ነበር፤ ቅጹ ሞልቶ ወደ ሌላው ዞራለች። ሙርሳል ከሶላት ሲመለስ የእህቱ ልጅ ብቻዋን ስትስቅ አገኛትና ጤንነቷን ጠየቃት።

«ደኅና ነኝ አጎቴ። ቀለለኝ» አለችው።

ወደ አሶሳ ስትመለስ ዝርዝሩ ሃያ ስምንት ደረሰ፤ ዕቅዱም ራሱ መጣ። ዶክተር ሙላው እንዳለው ነው። ክረምት ላይ ከሆሞሻ ወዲያ መንገዱ ስለሚቆረጥ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ንባብና ጽሑፍ ይሆናል። ቅጠል የምታየው በበጋ ነው። በረመዳን ሰው ቤት እየሄዱ ማስቸገር ነውር ስለሆነ ያን ወር ለስታቲስቲክስ ትምህርት ሰጠችው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከአማካሪዋ ጋር ትገናኛለች፤ ስትገናኝ ሁለት ገጽ ጽፋ ነው፤ ገጹ መጥፎም ቢሆን። በየሩብ ዓመቱ አንድ ሳምንት ምንም ሳትጽፍበት ባዶ ተወችው፤ ምን እንደሚመጣ አታውቅማ። ማታ ከመተኛቷ በፊት ለሰባቱ በቴሌግራም ድምፅ ላከችላቸው። «ሰንጠረዤን ጣሉት። አሳሳትኳችሁ እንጂ አልረዳኋችሁም፤ ይቅር በሉኝ። አላውቅም የምትሉትን ብቻ ጻፉ፣ ስትጀምሩ ያማል፣ ከሦስተኛው በኋላ አያምም።»

ሐኒ መለሰችላት፦ «እትዬ ነዕማ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ደርሻለሁ። አላውቅም ማለት ላይ እበልጥሻለሁ መሰለኝ።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነዕማ የዶክተር ሙላው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። እሱ እያነበበ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እርሳሱን አንሥቶ አንድ ነገር አሰመረ፤ የቀረውን ሳይነካ ገለጠው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ነዕማ የትኛው እንደሆነ አወቀች፤ አሥራ አራተኛው ነው። ጽፋው፣ ሰርዛው፣ መልሳ የጻፈችው እሱን ብቻ ነበር።

«ይህን ላንብበው?» አለ።

«ያንብቡት።»

«ባለፉት ስድስት ዓመታት ተረጩ ብዬ ሪፖርት ካደረግኳቸው ዛፎች ውስጥ በእርግጥ የተረጩት ስንት እንደሆኑ አላውቅም።» ዶክተሩ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ነዕማ፣ ይህ ዕቅድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ኮሚቴው ያየዋል። መሥሪያ ቤትዎም ከጠየቀ ሊያየው ይችላል። ይህ መስመር ቢወጣም ዕቅዱን አጸድቀዋለሁ፤ በቂ ነው።»

በመስኮቱ በኩል ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ። ነዕማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች። መስመሩ ቢወጣ ቦታዋ ተጠብቋል፣ የፈቃዱ ደብዳቤ ተጠብቋል፣ ማንም ምንም አይላትም። ቢቀመጥ ደግሞ ያ ኃላፊ ባይኖርም ሌላ ኃላፊ አለ፣ ሌላ ስብሰባም አለ። ግን ይህ መስመር ከወጣ ሌሎቹ ሃያ ሰባቱ በምን ላይ ይቆማሉ? ተባዩን መድኃኒቱ ያልገደለው ይሁን መድኃኒቱ ያልደረሰው ሳታውቅ ምኑን ልታጠና ነው?

«ይቀመጥ» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በስድስት ዓመት ውስጥ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ይህ ብቻ ነው ዶክተር።»

ዶክተር ሙላው ያን ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ፈረመ፣ ቀን ጻፈበት፣ ወረቀቱን ወደሷ ገፋው። ነዕማ ከላይ እስከ ታች አየችው። የሆነ ነገር ፈልጋ አጣች።

«መቶኛው የታለ?» አለች።

«መቶኛ የለውም። ሥራ ነው» አላት። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። እኔ የአፈር ሰው ነኝ፤ ከሃያ ስምንቱ ሃያውን እኔም አላውቃቸውም። ሰኞ ከዛፉ አብረን እንጀምራለን።»

ስትወጣ ሐኒ በሩ ላይ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ተራዋን ትጠብቃለች። መፍራቷ ፊቷ ላይ ስለታየ ነዕማ ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻት። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ስምንቱም ጸድቀው፣ ዓፊያ ዘንድ ተሰብስበው፣ ሻይ ያልጠጣውን ሁሉ አስጠጥተው ነበር።

ነዕማ ግን ቀድማ ወጣች። ጁምዓ እስኪደርስ ጊዜ ስላላት በእግሯ ሄደች። ደረቷ ላይ የነበረው ነገር የት እንደሄደ አላወቀችም፤ መተንፈስ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ እያለች ነው የምትሄደው። ሰው አላውቅም ብሎ የሚቀለው ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ምን ተሸክሜ ኖርኩ ብላ ተናደደችም፣ ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ዋሊድ ኩርሙክ መንገድ ላይ ሆኖ ደወለ፤ ስልኩ ይቆራረጣል።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ አሁን ሥራሽ ምንድን ነው? ሰኞ ምን ልትጽፊ ነው?»

«ሰኞ አልጽፍም» አለችው። «ዛፉ ጋ እሄዳለሁ።»

«ሄደሽስ?»

«ልመለከተው ነው» አለችው።